አፊፋ የመርዙን መንገድ ስትከተል

አፊፋ በአሊዩ አምባ ገበያ የታወቀች በርበሬ ነጋዴ ነበረች። በርበሬውን ራሷ አስጥታ፣ ራሷ አስወቅጣ ለደጋ ሰው ትሸጥ ነበር። ነፋሱን ሳያዩ በርበሬ ያስወቀጡ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ሲያስል ይውላል፤ እሷ ግን በዚህ ተወቅሳ አታውቅም።

ጠላት አርበኞችን ፍለጋ መንደሩን ማሰስ ሲጀምር ከባሏ ከፈረጅ ጋር ሸሽታ ከአንኮበር በታች ካለ ዋሻ ገባች። በዋሻው የአርበኞች ቤተሰቦች፣ ካህናትና የቆላ ገበሬዎች ተጠልለዋል። አዛዣቸው ግራዝማች ገብረመንፈስቅዱስ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን መጥቶ ከጅረቱ ዳር በርሜል የሚያህል ነገር ጥሎ ሄደ። ድምፁ ደከም ያለ ስለነበር ሰዉ ከሸፈ ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጧት ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ግን ቆዳቸው ተልጦ፣ ዓይናቸው አብጦ ተመለሱ። አንዱ ፈረጅ ነበር።

"ጅረቱን መርዘውታል" አለ ሰዉ።

አፊፋ የባሏን ፊት እያጠበች፣ "ውሃውን ነክተኸዋል?" አለችው።

"አልነካሁም። በርሜሉ ከወደቀበት ዝቅ ብዬ ገና ስቆም ነው ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ የመጣብኝ።"

አፊፋ ከአንዱ ቄስ ሚስት ከአመተ ማርያም ጋር ሆና የተጎዱትን አንድ በአንድ ጠየቀች። እግራቸው የተላጠው እርጥቡን ሣር የረገጡት ነበሩ። አመተ ማርያም ራሷ በዚያው ጧት ከወደቀበት ከፍ ብላ እንጨት ስትለቅም ቆይታ ምንም አልሆነችም። ቀትር ላይ ደግሞ ወደ ታች ጭራሽ ያልወረዱ፣ ዋሻው አፍ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዓይናቸው ተቃጠለ።

አፊፋ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከዋሻው ደጅ እርጥብ ገለባ አጨሰች። ጭሱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ቆላ ወረደ። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ደግማ ስታጨስ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ያን ጊዜ የገደሉን ምሳሌ በአፈር ሠርታ፣ በርሜሉ የወደቀበት ቦታ ላይ ከሰል አኑራ፣ ግራዝማችን ጠራቻቸው።

"ጧት መርዙ ከነፋሱ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ሲሞቅ ደግሞ ተንኖ ወደኛ ይወጣል። ሰው ሁሉ አሁኑኑ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የዋሻውም አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጋረድ።"

እንዳለችው አደረጉ። ቀትር ላይ ያ ሽታ መጣ፤ አንድም ሰው ግን አልተጎዳም። ግራዝማች አፈሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ "እህቴ፣ ሌላውን መውጫ ሁሉ ጠላት ይዞታል፤ ታዲያ በየት እንውጣ?" አሏት።

አፊፋ ጣቷን ከከሰሉ ከፍ አድርጋ አሳየች። "እዚህ ላይ እንሻገር፤ በማለዳ፣ ነፋሱ ከኛ ወደ ታች ሲሄድ። በባዶው ቋጥኝ ላይ ብቻ እንርገጥ፤ ቅጠል የሚነካ አይኑር።"

"ከመርዙ አጠገብ?"

"ጠላትም መርዙ ዘግቶልኛል ብሎ ዘበኛ አላቆመበትም።"

ግራዝማች ብድግ ብለው፣ "ነገ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነሽ" አሏት።

ጎህ ሲቀድ እግራቸውን በቁርበት ጠቅልለው፣ ሕፃናቱን አዝለው ወጡ። አፊፋ ከፊት ሆና ጭብጥ ትቢያ እየበተነች ነፋሱን ታያለች፤ ፈረጅ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ይከተላታል። ከበታቻቸው ሣሩ ጠቁሮ ይታያል። ሽታው ግን አልደረሰባቸውም።

ወደ መዘዞ ከሚወስደው ሸንተረር ሲወጡ ፀሐይዋ ገና መሞቋ ነበር። ግራዝማች ሰዉን ቆጥረው ማንም እንዳልጎደለ ሲናገሩ አመተ ማርያም እልልታዋን አቀለጠችው፤ የቆላውም የደጋውም ሴት ተቀበላት። ከታች በኩል የጠላት ወታደሮች ባዶውን ዋሻ ከበው ይተኩሱ ነበር።

ፈረጅ ዓይኑን በጭንቅ ገለጥ አድርጎ፣ "ምን ላይ ነው የሚተኩሱት?" አላት።

"ድንጋይ ላይ" አለች አፊፋ፤ ከሸሸች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።