ሟች አፉን የፈታ ዕለት

ሰውዬው አሥራ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ አንድም ቀን አልተጨበጨበለትም። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሞቷል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልምሞ ሞቷል፣ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ታጥፎ ሞቷል። አንዴማ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የእግሩ አውራ ጣት ብቻ ከጽጌረዳው መሃል ብቅ ብሎ ነበር። ዋና ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ የፊልም ሬሳ የሚሆነው በዕረፍት ቀኑ ነው። ታዲያ መሥሪያ ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ ሚስቱም ሳትቀር ስሙን ትተው «ሟች» ይሉታል። «ሟች፣ ሻይ ጠጣህ?» «ሟች ዛሬ አርፍዷል!» እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ምን ያድርግ?

ነገሩ የተጀመረው ከከተማው ዳር ነው። እዚያ በራቸው አንድ ዓይነት፣ ሣራቸው አንድ ልክ የተከረከመ ቤቶች አሉ፤ ሰዎቻቸው በአጥር ላይ ሰላም ሲባባሉ የሚስቀው ጥርሳቸው ብቻ ነው። ፊልሞቹን የምትሠራው ዳይሬክተር እዚያው ያደገች ስትሆን በእነዚህ ቤቶች ላይ ጥርሷን የነከሰች ሴት ናት። ፊልሞቿ ሁሉ ጨዋ ቤተሰብ፣ የተወለወለ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ደግሞ ሬሳ አላቸው። ቤተሰቡ ሰው መግደሉን ረስቶ «ጎረቤት ምን ይለናል?» እያለ ሲጨነቅ ተመልካች ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አንድ ቀን ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ስትቀርጽ ሬሳ የተደረገው ተዋናይ ሆዱ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸገራት። በዚያው ሰዓት የኛ ሰው ቆጣሪ ሊያነብ ገብቶ፣ ከደረጃው ሥር የተሸጎጠውን ሳጥን ከፍቶ፣ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን አስገብቷል። የቆጣሪ ሳጥን ሽታው አይጣል ነው። ሃያ ዓመት የሠራበት ሰው ትንፋሹን ውጦ ማንበብን ይለምዳል። ዳይሬክተሯ ከሳጥኑ የወጡትን ሁለት እግሮች አይታ «ማነው የሞተው?» ብላ ጮኸች። መልስ የለም፣ ንቅንቅ የለም። ሰውዬው ቁጥሩን ጽፎ ብድግ ሲል ሴትዮዋ በደስታ አንገቱ ላይ ልትጠመጠም ምንም አልቀራትም።

እናቱ ግን በዚህ ሥራ ልባቸው ተሰብሯል። የመጀመሪያውን ፊልም ሊያዩ አዲስ ጫማ ተጫምተው ሄደው ነበር። ልጃቸው በምንጣፍ ተጠቅልሎ ሲጎተት አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ፣ እሳቸው ብቻቸውን አለቀሱ። ሲወጡም ቁርጡን ነገሩት።

«ከእንግዲህ አልመጣም። እኔ የወለድኩህ ላይህ ነው እንጂ በየጊዜው ልቀብርህ ነው እንዴ? አንድ ቀን በሕይወት ካለህ፣ አንዲት ነገር እንኳን ከተናገርክ ያኔ ጥራኝ።»

ከዚያ ወዲህ አሥር ፊልም አለፈ፤ እናቱም ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላቸው። እንዲህ እያለ ሳለ ዳይሬክተሯ ስልክ ደወለች።

«ጋሽ ሟች፣ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። በዚህኛው ፊልም ከመሞትዎ በፊት ይኖራሉ!»

«እኖራለሁ? ኖሬ ምን አደርጋለሁ?»

«ራት ይበላሉ። ይናገራሉም።»

የሚናገረው ሁለት ቃል ነው፦ «ጨው የለውም።» ታሪኩ ቀላል ነው። ባል በየማታው ሾርባውን ቀምሶ «ጨው የለውም» ይላል፤ ሚስት ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ትሰማለች፤ አንድ ማታ በጨው ፋንታ መርዝ ትጨምርበታለች። ከዚያ በኋላ ሟች ወደ ለመደው ሥራ ይመለሳል። ቢሆንም ሁለት ቃል ሁለት ቃል ነው! ሰውዬው በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ስልኩን ሳያስቀምጥ እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ! ልናገር ነው!»

«እሰይ! ምን ልትል ነው?»

«ጨው የለውም።»

«ይሁን፣ ከዝምታው ይሻላል» አሉ እናት። «እመጣለሁ። ጫማዬንም አስጠርጋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ልምምድ በልምምድ ሆነ። በየቆጣሪው ሳጥን አንገቱን እያስገባ «ጨው የለውም!» ይላል። አንዲት የቤት እመቤት በመስኮት ሰምታ «ውሃው? ሊኖረው ነበር እንዴ?» ብላ ስትደነግጥ፣ ማስረዳቱ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። የከፋው ግን ቤቱ ነው። ሟች ራት ላይ የማይናገር ሰው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በልቶ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይነሳል። አሁን ግን ማንኪያውን ከአፉ እንዳወጣ ቅንድቡን ይሰበስብና «ጨው የለውም» ይላል። የመጀመሪያው ማታ ሚስቱ ጨው አቀረበችለት። በሁለተኛው ማታ ራሷ ቀመሰችው፤ ጨው አለው። በሦስተኛው ማታ ማማሰያዋን ይዛ መጣች።

«አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብለህ በላህ። አፍህን የፈታኸው ልታማርረኝ ነው?»

«ኧረ ልምምድ ነው!»

«ልምምዱን እዚያው ከቆጣሪህ ጋር! ሲጣፍጥህ አንድ ቀን ተለማምደህ ታውቃለህ?»

ሟች ጎንበስ ብሎ መብላቱን ቀጠለ። የቀረጻው ቀን ሲደርስ ግን ዳይሬክተሯ እንፋሎቱ የሚታይ እውነተኛ ሾርባ ፈለገች፣ ሟችም የሚያውቀው ጎበዝ አብሳይ አንድ ብቻ ነው። ሚስቱ ኩርፊያዋን ሳትተው ድስቷን ተሸክማ መጣች፤ እውነቱን ለመናገር ጉዱን በዓይኗ ማየት ፈልጋለች።

የሚቀርጹበት ቤት የተከራዩት ነው፤ ባለቤቶቹ በአሥር ሰዓት ይመለሳሉ። ሟች ከረባት አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። በፊልሙ ሚስቱ ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ፊት ለፊቱ ናት፤ መርዙንም በታሪኩ መሠረት ጨምራ ጨርሳለች። ዳይሬክተሯ «አክሽን!» አለች።

ሟችም ሞተ።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ትንፋሹ ተቋረጠ። «ካት! ጋሽ ሟች፣ ገና ነው እኮ!» ስትል ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና «ጨው የለውም!» አለ፤ ያምራል፣ ግን ካሜራው ጠፍቷል። ደገሙት፣ ደግሞ ሞተ። ሰባት ጊዜ «አክሽን» ሲባል ሞተ፣ ሰባት ጊዜ «ካት» ሲባል ተናገረ። አሥራ አንድ ፊልም ሙሉ ገላው የተማረው ይህንኑ ነው። ዳይሬክተሯ ብልጥ ናትና በስምንተኛው ዘዴ ፈጠረች፤ መጀመሪያውኑ «ካት!» ብላ ጮኸች። ሟች እንደ ተከፈተ ቧንቧ ያለማቋረጥ «ጨው የለውም፣ ጨው የለውም» አለ። ምን ዋጋ አለው! ካሜራማኑም በልማዱ «ካት» ሲባል ሰምቶ ካሜራውን አጥፍቶታል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ዳይሬክተሯ መጥታ ትከሻውን ያዘችው። «ጋሽ ሟች፣ አይዘኑብኝ። ከጀርባ እንቀርጽዎትና ቃሉን ሌላ ሰው ይላል።»

ሟች እናቱን አሰበ፤ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የሰው ድምፅ ከሱ ጀርባ ሲወጣ ሊሰሙ ነው። የልጃቸውን ድምፅ ደግሞ በሺህ መሃል ይለያሉ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሚስቱ ከኩሽናው በር ላይ እጇን አጣጥፋ ስታይ ነበር። «እኔ ልጥራው» አለች። «ማንም አክሽን ምናምን እንዳይል። ካሜራውን ዝም ብላችሁ ክፈቱት።»

አዲስ ሾርባ ቀድታ አስቀመጠችለትና ተመልሳ ገባች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በየማታው እንደምታደርገው ከኩሽና ሆና ጮኸች፦

«አንተ ሰውዬ! ሾርባው እኮ ቀዘቀዘ!»

የሟች ትከሻ ወረደ። ከረባቱን ላላ አደረገ፣ ወንበሩን ሳብ አደረገ፣ ማንኪያውን አነሳ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሰባት ጊዜ ሲሞትና ሲነሳ አንጀቱ ታጥፏል። አንዴ ጎረስ አደረገ። ሾርባው ጨው ነበረው፤ ልክ በልኩ ነበረው። ሰውዬው ካሜራውንም፣ ዳይሬክተሯንም፣ ሁለቱን ቃላትም ረሳ።

«ውይ! እንዴት ይጣፍጣል!» አለ። «እጅሽ ይባረክ!»

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው፤ ክው ብሎ ቀረ። ተዋናይቷ ግን በሙያው ጥርሷን የነቀለች ተዋናይት ናት። መርዙን ጨምራለች፣ ባሏ ደግሞ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገናት። ፊቷ አመድ መሰለ፣ እጇ ወደ ሳህኑ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት!» አለችው።

ዳይሬክተሯ ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ሳቋ ድምፅ እንዳያበላሽ። «ጨው የለውም» እዚያው ተቀበረ፤ ፊልሙ ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኝም። ሟች ወደ ኩሽና ሲገባ ሚስቱ ድስቱን ጀርባዋን ሰጥታ ታጥባለች።

«ለካሜራው ብለህ ነው?» አለችው ሳትዞር።

«ካሜራ መኖሩም ትዝ አላለኝ።»

ድስቱን ደግማ አጠበችው፤ ንጹሕ ነበር።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት ነው። እናት የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን ተጫምተው በልጃቸውና በምራታቸው መሃል ተቀመጡ። ሟች ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ ሲል እጁን ጭምቅ አድርገው ያዙት። «ውይ! እንዴት ይጣፍጣል! እጅሽ ይባረክ!» ሲል፣ እናት እጁን ለቀው አጨበጨቡ። ለትንሽ ጊዜ የሳቸው ጭብጨባ ብቻ ተሰማ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተላቸው። ምራታቸው ቀጥ ብላ ስክሪኑን ታያለች፤ ቃሉን ለራሷ እንደ ተባለ ሰምታለች።

«ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት!» አለች ተዋናይቷ፣ ሕዝቡም በሳቅ ፈነዳ። ስክሪኑ ላይ ሟች ማሳል ጀመረ። እናት ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱና የልጃቸውን ክንድ አፈፍ አደረጉ።

«ተነስ፣» አሉት፤ «ሳትሞት እንውጣ።»

እየጎተቱ በእግርና በወንበር መሃል አሳልፈው ፀሐይ ላይ አወጡት። ሟችም በረጅሙ ተነፈሰ። ከኋላቸው አዳራሹ ሙሉ ሰው እሱ ሲሞት እያየ ይስቃል።