ጸላም ከብዲ የተባልኩበት ጊዜ

ወጣት ሆኜ ከወሎ መቀሌ ስገባ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ አደይ ለተብርሃን ግቢ ቤት ተከራየሁ። ያኔ ትግርኛ አልችልም። በዓል ሲደርስ በጉ እንደታረደ፣ አከራዬ ሳህን ይዘው ደጃፌ ላይ ይቆሙና «ንዓ፣ ጸላም ከብዲ ብላዕ!» ይሉኛል። ጸላም ጥቁር፣ ከብዲ ሆድ እንደሆነ ጎረቤት ነገረኝ። ጠቆር ያልኩ ባለ ቦርጭ ነኝ፤ «ና አንተ ጥቁር ሆድ፣ ብላ» ያሉኝ መስሎኝ ስሙን በደስታ ተቀበልኩት።

ዘንድሮ ከስንት ጊዜ በኋላ መቀሌ ተመለስኩ። አደይ ለተብርሃን አርፈዋል። ጎኔን ከበደኝና ሓወልቲ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ወጣቷ ዶክተር ሆዴን በአልትራሳውንድ እያየች «ጸላም ከብድኹም ስብሒ ኣለዎ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። «ስሜን ማን ነገረሽ የኔ ልጅ? እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም!»

ደነገጠችና ወደ አማርኛ ዞረች። «ኣያ፣ ቀልድ አይደለም። ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መጥፎው ግን ጉበትን ያቆስላል። ጮማና ለስላሳ ካልተዉ ወደዚያ ነው የሚሄዱት።»

«ጉበት ደግሞ ከየት መጣ?»

«ጸላም ከብዲ እኮ ጉበት ማለት ነው!»

ለካ አደይ ለተብርሃን የሚጠሩት እኔን ሳይሆን ሳህኑ ላይ ያለውን ኖሯል። አንዴ ቁሓ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ ለሙሽራዋ አባት እጄን ዘርግቼ «ጸላም ከብዲ!» ብዬ ብተዋወቃቸው፣ ክንዴን ይዘው በቀጥታ ወጥ ቤት ያስገቡኝ ለዚህ ነው።