ጫልቱ የለካችው ጥላ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን እሳት ዳር አንዲት ጥሩ ቦታ ነበረች፤ ከአያቴ በርጩማ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጭስ የማይደርስባት። ያኔ የምንኖረው ከእንጦጦ ወደ የካ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ስለነበር፣ ማታ ማታ ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ የጥዱን ጭስ ከወዲያ ወዲህ ያላጋዋል፤ የሌላው ሰው ዓይን እንባ ሲያቀርር እዚያች የተቀመጠ ግን ፍሙን እያየ ጨዋታውን በሰላም ያዳምጣል። ቦታዋ የእኔ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ማንም አልተቀመጠባትም፤ እናቴ እንኳ ፊቴን አይታ ፈንጠር ብላ ነበር የምትቀመጠው። ከዚያ ጫልቱ መጣች።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ሰፈርተኛው የኔታ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ እዚያም ሁለት ዓመት ተቀምጠው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሌሎች ሽማግሌዎች ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ሲያወሩ የእሳቸው ጨዋታ ሰማይ ላይ ነበር። ጧፉን አብርተው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ፀሐይ ትንሽ የምትመስለን ስለራቀችን እንጂ ከምድር እጅግ እንደምትበልጥ፣ ጨረቃም የራሷ ብርሃን የሌላት፣ ከፀሐይ እየተቀበለች የምታበራ መሆኗን ይነግሩኝ ነበር። እዚያ ኢየሩሳሌም አንድ ግሪክ መነኩሴ በረጅም የናስ መነጽር ሰማይን አሳይቷቸው ኖሮ፣ በበጋ ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈው ነጭ መንገድ ጉም ሳይሆን፣ ከርቀታቸው የተነሣ ተደባልቀው የሚታዩ ከዋክብት ናቸው ይሉ ነበር። ይህን ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ምድር እንደ ሎሚ ድቡልቡል ናት፣ ቀንና ሌሊትም የሚፈራረቀው እሷ ስትዞር ነው የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው፤ ጎረቤታችን ያሉት ደብተራ ከሰሙ ነገር ይመጣል።

አሁን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ፣ ፀሐያችን ራሷ የዚያ ነጭ መንገድ አንዷ ኮከብ እንደሆነች፣ ከእሱም ወዲያ እንደሱ ያሉ ሌሎች የከዋክብት ስብስቦች ስፍር ቁጥር እንደሌላቸው ያስረዳኛል። እኔም አዲስ ነገር እንደሰማሁ ሁሉ አፌን ከፍቼ አዳምጠዋለሁ። ያኔ ግን ከሚነገረኝ ግማሹ አይገባኝም ነበር። የሚገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ አያቴ ያን ሁሉ ሰማይ የሚያወሩት ለእኔ ብቻ መሆኑ ነው።

የጫልቱ አባት ከእኛ በታች፣ ወደ የካ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ከአያቴ ጋር የተዋደዱት ገና ድሮ ነው፤ ጫልቱ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። እናቷ በሞተች ጊዜ አባቷ ልጅቷን ይዘው መጡና እስከ መከር እናንተ ዘንድ ትቆይልኝ ብለው ለመኑ። የእኔ እኩያ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛዋ ገና ያልጠና። መጀመሪያ ላይ አልጠላኋትም። እንዲያውም የምታሳዝን ልጅ ማቅረብ ደስ ስለሚል፣ ምንጩንና የበረዶ ጊዜ መጠለያውን ዋሻ እየዞርኩ አሳየኋት።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማታ አያቴ ስለ አጥቢያ ኮከብ ሲያወሩ ነው። ጫልቱ አፏን ከፈተችና እኛ እሱን በካልቻ ነው የምንለው አለች። ቀጥላም አባቷ ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንዳደረች አይተው ወሩን እንደሚቆጥሩ፣ ደመና ሳይኖር ከየትኛው ወገን ዝናብ እንደሚመጣ እንደሚናገሩ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ የጎደለውን በኦሮምኛ እየሞላች ተናገረች። አያቴ ኦሮምኛ ይሰማሉ። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው አወረዱት። ጠየቋት፤ መለሰች። ደግሞ ጠየቋት። ዕድሜዬን ሙሉ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ስሰማ እኔን አንድ ቀን እንኳ አንዲት ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ጨዋታው የሁለት ሰው ሆነ፤ እኔ እንደ ጎረቤት ሰው ዳር ቁጭ ብዬ የምሰማ ሆንኩ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ስትናገር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ ዝም ስትል ደግሞ ምን እያሰበች ይሆን ብዬ እብከነከናለሁ። አንድ ምሽት ውሃ ቀድቼ ስገባ ቦታዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አያቴ ዓይኗን ስላመማት ነው፣ ለዛሬ ልቀቂላት አሉኝ። ጭሱ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ከጭሱ የተነሣ መሰለው።

ሌላ ቀን ጨረቃ አንዳንዴ ሙሉ ሆና ሳለች ለምን እንደምትጠቁር ሊያሳዩን ተነሡ። እሳቱ ፀሐይ ይሁን አሉ። ለጫልቱ ቅል ሰጧትና ጨረቃዋን አንቺ ያዢ አሏት። እኔንስ ብላቸው፣ አንቺ ምድር ነሽ፣ እዚህ መሀል ቁሚ አሉኝ። ምድር ምን ታደርጋለች ብዬ ጠየቅሁ። ምንም፤ ትቆማለች፣ ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል አሉ። ጫልቱ ቅሉን ይዛ ከኋላዬ ስታልፍ ጥላዬ ዋጠው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተደንቆ እሷን ያያል። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁዳዴ ፆም ገባ። ያኔ በእኛ ሰፈር ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነው። ሰው ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ ሌላ ሰው በቆመው ሰው ጥላ ጫፍ ላይ ጠጠር ያኖርለታል፤ ከዚያ ከቆመበት ተነሥቶ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገጣጠመ እስከ ጠጠሩ በገዛ እግሩ ይለካል። የአንዱን ጥላ በሌላው እግር መለካት አይሆንም፤ ሁሉም ቁመቱን የሚመጥን እግር አለውና። በዚያ ወር ጥላ ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አያቴ «ሞልቷል» ይላሉ፣ የድንጋዩ ደወል ይመታል፣ ቅዳሴ ይገባል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፆሙን ይፈታል። አያቴ ለዓመታት ይህን የሚለኩት ራሳቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጥዱ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ እግሯ የማይወላገድ ናት ብለው ጥላ መለካቱን ለጫልቱ ሰጡ። ለእኔ የደረሰኝ ጠጠር ማኖር ነው።

ሁለት ሳምንት ጠጠሬን በትክክል አኖርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ፣ አያቴ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው «ይቺ ልጅ ከእኔ በኋላ ትለካላችኋለች» ሲሉ ለደወል መቺው ሰማኋቸው። እኔ በርጩማቸውን ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጫልቱ ቆመች። የሚለካ ሰው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ ካጎነበሰ ጥላው ያጥራል። ስለዚህ አታየኝም ብዬ፣ ጠጠሩን ከጥላዋ ጫፍ ሁለት ጫማ ያህል አርቄ አኖርኩት። የፈለግሁት አያቴ ከተቀመጡበት ሆነው በዓይናቸው ገምተው፣ ተሳስተሻል ብለው እንዲቆጧት ብቻ ነበር። የዓይናቸው ብርሃን ምን ያህል እንደደከመ አላወቅሁም። ጫልቱ ለካች። ጠጠሩ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ሰባት አለች። አያቴም ሞልቷል አሉ፣ ደወሉም ተመታ። አፌን ልከፍት ፈልጌ ነበር፤ አልከፈትኩትም።

በዚያ ሰዓት ከሌላ ደብር የሚመጡ ቄስ መንገድ ላይ ነበሩ። ደወሉን ሰምተው ግራ ቢገባቸው እዚያው ቆመው ጥላቸውን ለኩ፤ አምስት ጫማ ሆነ። ሲደርሱ ቅዳሴው ተጋምሷል። ሕዝብ በሁዳዴ ያለ ሰዓቱ ፆም ሊፈታ ነው ተብሎ ግቢው ተናወጠ። አያቴ ልጅ ለካችው አላሉም። የለካሁት እኔ ነኝ አሉ። እኚያ ጉልበታቸው እምቢ ያለ ሽማግሌ አርባ ቀን ስግደት ታዘዘባቸው፤ ሰዓት መለካቱም ለአንድ ወጣት ዲያቆን ተሰጠ። ማለዳ ማለዳ ቤታችን ውስጥ ከመጋረጃው ወዲያ ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ሁለታችንንም ጠሩን። እሳቱ ከስሞ ፍሙ ብቻ ቀርቷል፤ ጧፍም አላበሩም።

«ጠጠሩን ያኖርሽው የት ነው?» አሉኝ።

«ጥላው ጫፍ ላይ ነው አባባ» አልኩ።

ወደ ጫልቱ ዞሩ። ጫልቱ እኔን አላየችም። «እኔ ነኝ የኔታ» አለች። «ቆጠራ ተሳሳትኩ።»

አያቴ ፍሙን አመድ አልብሰው ሂዱ ተኙ አሉን። በሳምንቱ እናቴ፣ ይህን ውርደት ያመጣችብን እሷ ናት ብላ፣ ለጫልቱ አባት ሰው ላከች፤ መጥተው በበቅሎ አፈናጥጠው ወሰዷት። መከሩ ገና ሩቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ደስታዬን ማንም እንዳያይብኝ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ በእውነት የተሰማኝ ደስታ ነው፣ ዛሬ ለማሳመር ብዬ ልክደው አልችልም።

ያን ማታ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ጭስ አልነካኝም። አያቴ በርጩማቸው ላይ ነበሩ፣ ፍሙም ነበረ፣ እኔም ነበርኩ፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ጠበቅሁ። ሲዘገይብኝ፣ አባባ ስለ ነጩ መንገድ አጫውቱኝ አልኳቸው።

«ሰዓት የጠፋበት ሰው ስለ ፀሐይና ስለ ከዋክብት ምን ያወራል፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ስለ ሰማይ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ወይራ እንጨት፣ ንጉሡ ወደ ፍልውሃ ሊወርዱ ነው ስለሚባለው ወሬ ያወሩኛል፤ ሙሉ ለሙሉ የእኔ ሆነው፣ በስተቀኛቸው ተቀምጬ፣ ያን እየሰማሁ አደግሁ። ብናገር ኖሮ ይመለሱ ነበር ይሆን እያልኩ ስንት ማታ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። እሳቸውም አልጠየቁኝ፤ እኔም ሳልነግራቸው ቀበርኳቸው።

ጫልቱን ያገኘኋት እኔም እሷም ልጆች ከዳርን በኋላ፣ የካ ሚካኤል ለንግሥ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ያወቀችኝ እሷ ናት። ከአጥሩ ሥር ጥላ ፈልገን ተቀመጥን፣ ስለ ልጆቻችን ተጨዋወትን፣ ስለ አያቴ ሞት ጠየቀችኝ። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ሆኗል። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር፣ ጠጠሩን ያራቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ስታኖሪው አይቼሻለሁ። አንገት ቀጥ ቢልም ዓይን ወደ ታች ያያል እኮ። ለክቼ ስጨርስ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ፤ ከዚያ ደወሉ ተመታ።»

«ታዲያ ማታ ሲጠይቁን ለምን በራስሽ ላይ አደረግሽው?»

ወደ አባቷ ማሳ በኩል አየች። «እኔ የምሄድበት የአባቴ ቤት ነበረኝ» አለች። «አንቺን ቢያጡ ግን የኔታ ማታ ማታ ከማን ጋር ይቀመጡ ነበር?»

ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ሲወጣ አብረን ተነሣን፤ ከፊቴ እየሄደች፣ ሽማግሌዎች መንገድ ሲለቁላት፣ ልጆች እጇን ሲይዟት ከኋላ አየኋት። አያቴ ካስተማሩኝ ብዙው ተረስቶኛል፤ የቀረውን የልጅ ልጄ አስተካክሎ ይነግረኛል። ከልጅነቴ ሳይነካካ አብሮኝ የኖረ አንድ ነገር ቢኖር ቅናቴ ነው። ያን ዕለት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት፣ ላመሰግናት በተገባ ነበር። በልቤ ያለው ግን ሌላ ነው፤ አያቴን ከእኔ አብልጣ የወደደቻቸው እሷ እንደሆነች ገባኝና፣ ሽበቴን ይዤ ቀናሁባት።