በመስኮት የተገጠመ ሞተር

አይስቴ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዥ ባልደረቦቹ ናቸው። የመኪና ኮፋኖ ሳይከፈት ድምፁን ሰምቶ ብቻ በሽታውን ይናገር ነበር፤ ስቶም አያውቅም ይባልለታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በእግሯ በምትረግጠው የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች። ልጅ አልወለዱም። ይህንንም አይስቴ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳያነሳው አያልፍም፤ “የኔዋ ክር እንጂ ሌላ ነገር አትቋጥርም” ይላል። ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ካልሳቀች ቤት ሲገቡ “አኮረፍሽ አሉ” ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራታላ!

ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረቻቸው፤ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አራቱም ጎማዋ የሚስብ፣ ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራች። የቤንዚን ሞተሯ ነዶ ከቆመች ቆይታለች፤ ዶሮ ገብታባት እንቁላል ትጥልባት ጀምራለች። አንድ ቀን አይስቴ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር በጋሪ አስጭኖ መጣ። “ይሄ ከገባላት ተራራ እየገፋች ነው የምትሄደው” አለ። ፊቱ እንዲያ ሲፈካ ሚስቱ ከሠርጋቸው ወዲህ አላየችም።

ሞተሩን በሰንሰለት ያንጠለጠለው መኪናዋ ከቆመችበት ዳስ አግዳሚ እንጨት ላይ ነበር።

“እንጨቱን ምስጥ በልቶታል” አለችው። “ስጠርግ ዱቄቱ ሲፈስ አይቻለሁ።”

“አንቺ ስለ ጨርቅ አውሪ” አላት።

ሰንሰለቱን ሳብ እንዳደረገው እንጨቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሞተሩ ወርዶ ዳሌውና ጭኑ ላይ አረፈ። ጎረቤታቸው በያጁ ጩኸቱን ሰምቶ በአጥር ዘሎ ባይደርስ እዚያው ባለቀ ነበር። ከሆስፒታል ሲመለስ ዳሌው ውስጥ ብረት ገብቶለት፣ በጀርባው ብቻ እንዲተኛ ታዞ ነበር። አልጋውን መስኮቱ ስር አደረጉለት፤ ከዚያ ሆኖ ግቢውን ሁሉ ያያል።

የጋራዥ ባልደረቦቹ ሊጠይቁት መጥተው “አንድ እሁድ ተባብረን እንገጥምልሃለን” አሉት።

“እኔ ተኝቼ የእኔን ሞተር ሌላ ሰው አይነካውም” አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። “እሷ ትገጥመዋለች። እኔ እነግራታለሁ።”

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ትሰፋለች፤ ከሰዓት በኋላ የእሱን አሮጌ ቱታ ለብሳ መኪናዋ ስር ትገባለች። እሱ በመስኮት ይጮኻል። “አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ነው ያልኩሽ! እሱ ማንኪያ ነው?” ጎረቤት ይሰማል። “ወደ ቀኝ! ቀኝሽን አታውቂውም? የምትጎርሺበት እጅ!” አንድ ቀን ብረት አምልጧት አውራ ጣቷን ቀጠቀጠው፤ ጥፍሯ ወዲያው ጠቆረ። እጇን በጉያዋ ሸጉጣ ቁጢጥ ብላ ቀረች። “ደም ብሎን አያላላም” አለ በመስኮት። “ጥረጊውና ቀጥይ።”

በያጁ የዳሱን እንጨት በብረት ተካላቸው፤ የናፍጣው ሞተር የሚያርፍበትንም አዲስ መቀመጫ ለክቶ በየደለት። ሞተሩ ከድሮው ስለሚከብድ ክብደቷን በሚሸከመው የፊት ባሌስትራ ላይ አንድ ንጣፍ ብረት ጨመሩበት። ሰውየው ጨዋታ አያውቅም፤ “እህቴ፣ ዓይንሽን መልሺ” ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አይስቴ ግን እሱንም አልማረውም። “በያጁ መኪናዋን ነው የሚበይደው ሚስቴን?” ብሎ በመስኮት ጮኸ። ከዚያን ቀን ወዲያ በያጁ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ሆነ።

እሷ ግን፣ ሳታስበው፣ ሥራው ይገባት ጀመር። የናፍጣ ቱቦ ውስጥ አየር ካለ ሞተር እንደማይነሳ፣ አየሩንም እንዴት እንደሚያስወጡት አወቀች። የላላና የጠበቀ ብሎን በክንዷ ይለይላት ጀመር። አንዳንዴ እሱ ከመናገሩ በፊት ትክክለኛውን ቁልፍ ታነሳለች። ያኔ እሱ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከስድቡ የከፋ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችም።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ፍሪሲዮኑ ነበር። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና ማርሽ ሲቀየር የሚያላቅቀው ክብ ሸራ አለ፤ ሁለቱ ፊቱ አይመሳሰልም። አንደኛው ጎኑ ወጣ ያለ እምብርት አለው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

“እምብርቱ ወዴት ይዙር?”

አየው። አያት። “ወደ ሞተሩ” አላት።

እንዳላት አደረገች። ካምቢዮውን ገጠመች፣ ዘንጉን አሰረች፣ የጭስ ማውጫውን ማርሜታ ሰቀለች፣ ውሃና ዘይት ሞላች። ብዙ ቀን ፈጀባት። የማስነሻው ቀን የአይስቴ ታላቅ እህት ሾርባ ይዘው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ግቢውን እያንቀጠቀጠ ተነሳ። እሷ መሪውን ጨብጣ አለቀሰች። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሽ ልታስገባ ስትል ብረቱ ጮኸ። ደገመችው። ጥርስ እንደሚፋጭ ጮኸ። አልገባም።

ከመስኮቱ ሳቅ ተሰማ። አይስቴ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እህትየውም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውት ይስቃሉ።

በያጁ አግዟት ካምቢዮውን እንደገና አወረዱት። ሸራውን አውጥቶ አገላበጠው። “ይሄ ተገልብጦ ነው የገባው። ማነው እንዲህ ያሳየሽ?”

ሸራውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። “አውቀህ ነው?”

“አይስቴ መቼ ስቶ ያውቃል?” አላት እየሳቀ። “ትንሽ ገባኝ ብለሽ አንገትሽን ስታቀኚ አየሁሽ። አሁን ልክሽን አወቅሽ።”

ሸራውን አስቀመጠችው። እጇን በናፍጣ፣ ቀጥሎም በሳሙና ታጠበች። ከማግስቱ ጀምሮ ሸራውን በትክክለኛው ፊቱ አስገብታ ሁሉንም መልሳ ገጠመች። አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። መንዳቱን በያጁ ከሰፈሩ ውጭ ሜዳ ላይ አሳያት።

አይስቴ መኪናዋ ስትወጣና ስትገባ እያየ መታገሥ አቃተው። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ አጥንቱ መያያዝ እንደጀመረ፣ ጥቂት ጊዜ ከታገሠ በምርኩዝ እንደሚሄድ ነግሮታል፤ “ካንገጫገጭከው ግን መልሰን አናገኘውም” ብሎ አስጠንቅቆታል። እሱ ግን ጢሙን ተላጭቶ ንጹህ ሸሚዝ አስወጣ።

“በአስፋልቱ ብቻ ውሰጂኝ። ቀስ ብለሽ። ድምፁን ልስማው።”

በያጁ አቅፎ አስገባው፤ ትራስ ከጀርባውና ከጎኑ ሸጎጡለት። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ሄዱ። አይስቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። “ንጹህ ነው” አለ። “ንጹህ ነው እባክሽ!” ከዚያ የድንጋይ መፍጫው መገንጠያ ጋ ሲደርሱ መሪውን ወደ ግራ አዞረችው።

“ወዴት ነው?”

“ጉልበቷን እናያለን” አለችው።

መንገዱ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ የፈሰሰበት ዳገት ነው። መጀመሪያ አዘዛት። ቀጥሎ ሰደባት፤ እናቷንም አባቷንም አልተወም። ቀጥሎ ስድቡ አልቆ ጩኸት ብቻ ቀረ። የበሩን እጀታ ሁለት እጁን አቆላልፎ ይዞ “የኔ እናት” አላት፤ እንዲህ ጠርቷት አያውቅም። “የኔ እናት፣ በፈጠረሽ አቁሚ።”

“ስንተኛ ማርሽ ላስገባ?” አለችው፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

“አቁሚ!”

“አንተ ካልነገርከኝ በምን አውቃለሁ?”

መኪናዋ አንዴም ሳትደክም ዳገቱን ወጣች። እሷም ጫፉ ላይ አዙራ በዚያው መንገድ ተመለሰች። ቤት ሲደርሱ አይስቴ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ ድምፅ አልነበረውም። በያጁ ሊያወርደው በሩን ከፍቶ አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። አቅፎ አወረደው። ከዚያ ወዲያም ያንን ግቢ አልረገጠም።

ሐኪሞቹ ዳሌውን ሁለተኛ ሊከፍቱት አልደፈሩም። አይስቴ በጀርባው ቀረ። እሷ በመኪናዋ ትልልቆቹ መኪኖች ወደማይገቡበት ሰፈር ዕቃ ማመላለስ ጀመረች፤ የልብስ ስፌቱን ግን አልተወችም። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች። ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ስድብም ከእሱ አፍ ጠፋ፤ ውሃ ሲፈልግ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚጠይቃት።

አንድ ቀን ጥፍሩን ስትቆርጥለት “አውቀሽ ነው አይደል?” አላት።

“አዎ” አለችው። “እጅህን አታንቀሳቅስ።”

በማግስቱ ታላቅ እህቱ መጡ። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ለስንተኛ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ አነሱ፤ ያን ያህል የተጠነቀቁለት አጥንት እንዴት አንድ ቀን ወጥቶ እንዲህ ይሆናል? ሚስቱ በሩ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ቆማለች። አይስቴ ወደ እሷ ቀና አለ። የሚያጎርሰውን፣ የሚያገላብጠውን፣ ከሥሩ ፖፖውን የሚያነሳለትን ሰው አየ። እህቱ ግን ሄደው የሚያድሩት እቤታቸው ነው።

“መንገዱ ነው እትዬ” አለ። “መንገዱ ክፉ ነበር።”

ሚስቱ ጭነት እንደሚጠብቃት ተናግራ ወጣች።