የተደበቀችው ወር

ሸጋዬ በቁስቋም ሰፈር የልብስ ሰፊው የአለኸኝ ሚስት ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ እንኳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ዘመን፣ ጣልያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ፣ የሰፈሩን እርጉዝ ሁሉ ማኪና ላይ ልታሰቅል ምንም አልቀራትም። ነገሩ እንዲህ ነው።

አለኸኝ የሚኖር ከእናቱ ጋር ነበር። እናቱ እማሆይ እማዋይሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነዋል፤ ገዳም ግን አልገቡም፣ ቤቱን ገዳም አደረጉት እንጂ። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ በአመድ ታጥቦ ይሰቀላል። ድመቷ እንኳ እስከ ፋሲካ ጎረቤት ትሰደዳለች።

ሸጋዬ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች በሁዳዴ ነበር። አራስ ናትና ገንፎዋ ቅቤ ይግባበት ሲባል እማሆይ «እኔ በቁሜ?» አሉ። በተልባና በሽሮ ታረሰች። ጡቷ ደረቀ። ልጅቱ ክርስትና ሳትነሣ ሄደች። እማሆይ ከልባቸው አለቀሱ፤ አልቅሰውም የጾም ወጣቸውን በሉ።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሸጋዬ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁዳዴ በፊት እንዲወለድ። ጥቂት ቀን ቅቤ ካገኘች ወተቷ ይወርዳል፣ አንዴ ከወረደ ወረደ ብለዋታል እናቷ። ቁጥሯ ግን ቅበላው ላይ ነው የሚወድቅ። ከጾሙ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ማርያም ትወቅ።

ሌላም ነገር አለ። በአገሩ እርጉዝ ሴት ወሯን አትናገርም፤ የሰው ዓይን ይበላታልና። ሸጋዬም ለባሏም ለአማቷም ሁለት ወር ቀንሳ ነበር የነገረች። ሆዱ አያስታውቅም ወይ የሚል ይኖራል። አለኸኝ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው። እማሆይም ከመነኮሱ ወዲህ መሬት መሬት ነው የሚያዩ።

ቅበላ ሲቃረብ ባሏን አወራችው።

«ሆስፒታል ያለው ፈረንጅ ሐኪም ልጅ ቀድሞ ያወጣል ይባላል። ቀኑን ግን የሚመርጥ ማን ነው? ሴትዮዋ አይደለችም?»

«ሴት ደግሞ ምን ቀን ትመርጣለች?» አለ አለኸኝ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ።

«አንተ ሱሪ ስትሰፋ ቀኑን የሚቆርጥልህ ማን ነው?»

«ደንበኛው ነዋ።»

«እኮ! ደንበኛዋ እኔ ነኝ።»

አለኸኝ የስፌት መኪናውን በእግሩ ይረግጥ ጀመር። ያች መኪና ስንቱን ክርክር ዋጠች!

ሆስፒታል ሄዱ፤ እማሆይም መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉ። ሐኪሙ በአስተርጓሚው በፋንታሁን በኩል ስንት ወርሽ ነው ብሎ ጠየቀ። ሸጋዬ አፏን ሳትከፍት እማሆይ «ገና ሰባት!» አሉ። በሩ ላይ የተሰለፈው ሴት ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት «የለም፣ ዘጠኝ ነው» እንዴት ትበል? ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ። ፋንታሁን አሳጠረው። «እናት ሳትታመም፣ ልጅ ሳይጨነቅ ቀድሞ አይነካም ነው የሚልሽ። ልጅ በሆድ ውስጥ የሚበስል ነገር አለው። ጥሬ ወጥቶ ትንፋሽ ያጣ ብዙ አይቷል።»

«ታዲያ የኔ ፈንታ ምንድን ነው?» አለች ሸጋዬ ቀስ ብላ።

«ያንቺ ፈንታ ማማጥ ነው፣ እቴ።»

ማታ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ገብርኤል መጡ፤ ክርክሩ ቀጠለ።

«አራስ ጾም የለባትም፣ እማሆይ» አሉ መምሬ። «ሥርዓቱ ፈቅዶላታል። ቅቤውን ቢሰጧት ቀን ማስቀደምም ባላስፈለገ።»

«እርስዎ ሕዝቡን ያስተምሩ፣ አባቴ። እኔ ስለ ጓዳዬ ነው የምናገር።»

«ሐኪሙም አልፈቀደም» አለ አለኸኝ።

«ሐኪሙ ማን ሆኖ ይፈቅዳል! ቀን የእግዜር ነው» አሉ እማሆይ።

እንዲህ እያሉ ስለ ሸጋዬ ሆድ መከሩ። ሸጋዬ ጠላ እየቀዳች ትዞራለች። ስትጎነበስ ያ የተባለው ሆድ ገንቦውን ይገፋዋል። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት ግን አልነበረም።

ሸጋዬም ሳትናገር መረጠች። እናቷ የሚኖሩ ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ነው፤ የዚያ መንገድ ደግሞ ድንጋዩ አጥንት ይለያያል፣ ምጥም ይጠራል ይባላል። በገበያው ቀን እናቴን ልይ ብላ ወደ ሾፌሩ አያ ክንዱ ትሬንታ ኳትሮ ሄደች፤ ጣልያን ጥሎት የሄደ አሮጌ የጭነት ማኪና ነው።

«ነይ ጋቢና፣ እመቤቴ» አሉ አያ ክንዱ።

«አይ፣ ከኋላ ይሻለኛል።»

«ምነው ልጄ! ከኋላኮ ፍየሉም አይችለው!»

«ጋቢና ይሞቀኛል፣ አያ» ብላ ጨው ከረጢት ላይ ወጣች። ከከተማ ትንሽ ራቅ እንዳሉ ማኪናው አንድ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ፤ ሸጋዬም አጠገቧ የቆመችውን ፍየል ቀንድ ይዛ ጮኸች። ግማሹ ገበያተኛ «ማርያም! ማርያም!» አለ። ግማሹ ገበያችን ቀረ ብሎ ተሳደበ። አያ ክንዱ አዙረው እየበረሩ መለሷት፤ ልጁም እቤት ተወለደ። ወንድ ነው፤ ጉንጩ ትከሻው ላይ የተኛ ወፍራም ልጅ።

ለሸጋዬ ነገሩ ግልጥ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነበር፣ ማኪናው ቢያግዝ በጥቂት ነው። ለእማሆይ ግን የሰባት ወር ልጅ እንዲህ ደልቦ መውጣቱ ተአምር ሆነ። ሁዳዴ ሲገባም ያልታሰበ ነገር አደረጉ። የቅቤውን ቅል ከማጀት ራሳቸው አወጡት።

«ጾም ለበሰለ ሰው ነው» አሉ። «ይህ ጥሬ ነው፤ ወተት ያብስለው።»

መምሬ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። የሥርዓቱ ቃል ያልከፈተውን ጓዳ ትሬንታ ኳትሮ ከፈተው።

ሸጋዬ በላች፣ ወተቷ ወረደ፣ ዝም አለች። የሰፈሩ ሴት ግን ዝም አላለም። የማኪናው ዝና ወንዝ ተሻገረ። አያ ክንዱም ተሳፋሪ ሴት ሲያዩ ሆድ ሆዷን ያዩ ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ይመኙሽ ገብታ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች። እሷ እውነተኛ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ወሯንም አትደብቅም፣ የሰው ዓይን የማትፈራ ዓይነ ደረቅ ናት።

«ነገ እወጣለሁ» አለች። «ለአያ ክንዱ ነግሬአለሁ፣ ከኋላ፣ ጨው ላይ።»

«ወዴት?»

«ወዴትም! ጉድጓዱ ድረስ። ፋሲካን አራስ ቤት ተጋድሜ ሰው ሲጨፍር ልስማ? አሁን ልውለድና ለፋሲካ ተነሥቼ ልብላ። ያንቺ ሸጋ ሆኖ ወጣ አይደል?»

ሸጋዬ ገንፎዋ ፊቷ ነው፤ መሀሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ይንጣለላል። እማሆይ ጥግ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሐኪሙ ያለው ትዝ አላት፤ ጥሬ ወጥቶ ትንፋሽ ያጣ። የመጀመሪያ ልጇም ትዝ አለቻት። ብትናገር ቅቤው ይሄዳል፣ ወተቱም ይከተላል። ዝም ብትል ነገ ማኪናው ይሄዳል።

«አትሂጂ» አለች።

«ምነው? አንቺ ብቻ ትምረጪ?»

«እኔ የመረጥሁት እንዲህ አይደለም። የኔ ዘጠኙን ጨርሶ ነበር። ሁለት ወር ደብቄ ነው። ያንቺ ግን ጥሬ ነው፣ ይሞትብሻል፣ ይመኙሽ።»

የዳዊቱ ድምፅ ቆመ። ይመኙሽ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እማሆይን እያየች ሳትሰናበት ወጣች። እማሆይም ተነሥተው ቅሉን ከነክዳኑ አንሥተው ቆጥ ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ገንፎው በኑግ ዘይት መጣ። ከሰዓት ይመኙሽ መጣች። ማኪናው ሄዷል፤ እሷ አልሄደችም። ከነጠላዋ ስር ትንሽ ጣሳ አወጣችና የሞቀ ቅቤ ገንፎው ላይ ገለበጠች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማሆይ ከጥጋቸው።

«የኑግ ዘይት ነው፣ እማሆይ» አለች ይመኙሽ። «የእኛ ቤት ኑግ ቢጫ ነው።»

ልጁ ጡት ይዞ ይቃትታል። እማሆይ ቆጥ ላይ ወደ ሰቀሉት ቅል አዩ፣ ወደ ልጁ አዩ፤ ከመነኮሱ ወዲህ ከመሬት ቀና ሲሉ ሸጋዬ ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡ።

«የዘንድሮ ኑግ ሽታው ሸጋ ነው» አሉ። «ነገም አምጪላት።» ቁስቋም ሊሳለሙ ወጡ።

ይመኙሽ እስከ ጾሙ መጨረሻ ኑጓን አመላለሰች። የወለደች በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ በበዓሉ ተጋድማ የሰውን ጭፈራ እየሰማች ሸጋዬን ስትረግም ዋለች። የምትረግም ግን ዶሮዋን እየበላች፣ ልጇንም እያጠባች ነበር።