ምንጣፍ ላይ ዋሽንት አልነፋም

ዛሬ እዚህ ገዳሪፍ፣ ባሱንዳ በተደገሰ ሠርግ ላይ ዋሽንቴን እየነፋሁ ለክብሬ ከተነጠፈልኝ ምንጣፍ ተነስቼ ባዶው መሬት ላይ ቆምኩ።

የሙሽራው አባት ተቆጣ። "አባባ፣ ክብራችንን ናቁት?" አለኝ። አፌ ዋሽንት ላይ ነው፣ በምን ልመልስለት።

ከበሮውንና መሰንቆውንም የምመራው እኔ ነኝ። እጄም አፌም ስለተያዘ እግሬን መሬት እየመታሁ ነው የምመራቸው። ወላሂ፣ ገዳሪፍ ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው የለም። ምንጣፉ ግን የእግሬን ድምፅ ዋጠውና ከበሮው ከእኛ ተለይቶ ብቻውን ጋለበ።

ተነስቼ መሬቱን ስረግጠው ከበሮው ወደ ምቱ ተመለሰ። ሰዉ ጨፈረ፤ አባትየው ግን ስወጣ አልሸኘኝም። ለመልሱ ድግስ ይጥራኝ አይጥራኝ አላውቅም።

ይህን ልጄን ሳስጽፋት እንኳ እግሬ አላርፍ ብሏል።

እናንተስ፣ ክብር ሥራችሁን ያበላሸባችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ልጄ ታነብልኛለች።