ላልገባ ሰው መድኃኒት የለም

ትናንት የልጅ ልጄን የሳንባ ምች ይዞት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ደሜ ፈላ።

በጣሊያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ አርበኛ ስለነበር ቤታችንን አቃጠሉብንና አንኮበር ገደል ሥር ዋሻ ውስጥ ከረምን። እዚያ ታናሽ እህቴን አስካለን ብርዱ ደረቷን መታት፤ ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጉድ ነበር። እናቴ እሷን አዝላ፣ እኔን አስከትላ፣ ደብረ ብርሃን ጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች። ያው ሽታ ከበሩ ይወጣ ነበር።

አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው። «ባልሽ ገብቷል?» አላት።

«አልገባም።»

«ላልገባ ሰው መድኃኒት የለም።»

መግባት ማለት ለጣሊያን ማደር መሆኑን አላወቅኩም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ገብተናል፤ ይኸው ግቢው ውስጥ ነን» አልኩት።

ሳቀ።

እናቴ «ጠመንጃ የያዘው አባቷ ነው፤ እሷ ምን አደረገችህ?» ስትለው በሩን ዘጋው። አስካለ አንኮበር ሳንደርስ እናቴ ጀርባ ላይ ሞተች።

ትናንት ነርሷ ለልጁ መርፌውን ወግታው ስትዞር፣ እንባዬን አየችው።

«እማማ፣ ልጁ እኮ ይድናል። ምን ያስለቅስዎታል?»

«ንዴት ነው ልጄ» አልኳት።